ፊልም በቡና ማጠብ፦ የዜኒቱና የካኖኑ ማስታወሻ

ኅዳር 7፣ 2018

ዜኒቱ እጄ ገባ። ዜኒት-ኢ፣ የድሮ የፊልም ካሜራ፣ ከነቆዳ ማኅደሩ። ጋሼ ሶቪየት ኅብረት ሲማሩ የገዙት ነው። ቁም ሣጥን ሲያራግፉ አገኙትና «ይቺን ብረት ውሰድልኝ» አሉኝ። ብረት ማለታቸው አልበዛም። የእማዬ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ከነሌንሱ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

እኔ እንጀራዬ ዲጂታል ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ሁሉም በካኖን 6ዲ። ፊልም አንስቼ አላውቅም። «ፊልም ነፍስ አለው» የሚለኝ ሰው ግን አይጠፋም። እስቲ ነፍሱን በዓይኔ ልየው።

የዜኒቱ ሌንስ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊሜትር፣ ኤፍ/2። እየዞረ የሚጠብቅ ባለ ጥርስ ስለሆነ በ1,200 ብር አዳፕተር ካኖኑ ላይም ይገጠማል። የ6ዲው ሴንሰር (በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው) ደግሞ እንደ ፊልሙ 24 በ36 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ፣ አንድ ብርሃን፣ አንድ ሌንስ። የሚለያየው ከኋላ ያለው ብቻ ይሆናል።

ኅዳር 9

ምርመራ። ሹተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ይሠራል፤ ድምፁ የሚስማር መዶሻ ነው። አምስት ፍጥነት አለው፣ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ። ሌላው ቢ ብቻ ነው፤ ጣትህን እስክታነሳ ክፍት ይቆያል። ብርሃን የሚለካው ላይት ሜትሩ ባትሪ የማይፈልግ የሴሌኒየም ነው። ፀሐይ ላይ አዞርኩት፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ሞቷል።

መፍትሔው፦ መጀመሪያ ካኖኑን አይኤስኦ 400 (የብርሃን ስሜቱ ከፊልሙ እኩል) ላይ አድርጌ አነሳለሁ፣ ቁጥሩን ወደ ዜኒቱ እገለብጣለሁ። የ20 ሜጋፒክስል ላይት ሜትር!

ሌንሱ ላይ ሁለት የአፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቀለበት አለ። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አንዱ ቁጥሩን ይመርጣል፣ ሌላው ይከፍታል ይዘጋል። ፎከስ ለማድረግ ትከፍታለህ፣ ከመጫንህ በፊት ትዘጋለህ። ቀላል ነው።

ኅዳር 18

ፊልም ፍለጋ። ፒያሳ የማውቃቸው ሁለት ፎቶ ቤቶች ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ሄደዋል። ሌላ ሰፈር አንድ የድሮ ፎቶ ቤት አገኘሁ። አሁን የሚሠሩት ጉርድ ፎቶና ላሚኔሽን ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው።

«ፊልም ይኖርዎታል አባቴ?»

«ፊልም?» ሳቁ። «ልጄ፣ እሱን የጠየቀኝ ሰው ካየሁ ስንት ዓመቴ።»

ኬሚካልም የለም። ወደ ጓዳ ገብተው ግን ፊልም የሚታጠብበት ጥቁር የፕላስቲክ ታንክ፣ ፊልሙ ከሚጠመጠምበት ሪሉ ጋር ይዘው ወጡ፤ ፓተርሰን። አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉና 1,500 አሉኝ። አልተከራከርኩም። ፊልሙን ሪል ላይ እንዴት እንደሚያስገቡት በባዶ እጃቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሳዩኝ። ጣታቸው አልረሳም።

ፊልሙን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ታመጣልኛለች። ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ፣ አይኤስኦ 400 ጥቁርና ነጭ፣ ባለ 36፣ አምስት ጥቅል። አንዱን 1,400 ብር አልኩት። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው፣ በእጅ ይዛ ኤርፖርት ላይ በእጅ ይፈተሽልኝ እንድትል ሦስቴ ነገርኳት። የሻንጣው ራጅ ኃይለኛ ነው፣ ፊልም ያበላሻል።

ኅዳር 29

የመጀመሪያው ፊልም አለቀ። 36 ለማንሳት ስምንት ቀን ፈጀሁ። ሰርግ ላይ ቢሆን 36ቱን ሙሽሪት ከመኪና እስክትወርድ እጨርሳቸዋለሁ። ባነሳሁ ቁጥር ካሜራውን ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። ጀርባው ጥቁር ቆዳ ነው። ይሄ ልማድ በስምንት ቀን አልለቀቀኝም።

ታኅሣሥ 2

ማጠቢያ። ዴቨሎፐር (ሥዕሉን የሚያወጣውን ፈሳሽ) ከውጭ ማስመጣት አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም በቡና ይታጠባል። ቀልድ አይደለም። ካፌኖል ይባላል። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮቸስተር፣ ማለትም የኮዳክ ከተማ፣ በቴክኖሎጂ ተቋሙ ከአንድ የኬሚስትሪ ክፍል የወጣ ነው። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲድና ዘመዶቹ ናቸው። የምጠቀምበት ለአንድ ሊትር ይህ ነው፦ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ 54 ግራም፣ ቫይታሚን ሲ 16 ግራም፣ ፈጣን ቡና 40 ግራም። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ለ400 ፊልም ጭጋግ እንዳይዘው አዮዲን ያለው ጨው 10 ግራም ይጨመራል፤ እሱ እማዬ ጋ ሞልቷል።

ቫይታሚን ሲው ከፋርማሲ ነው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ የሚፈላውን ብርቱካንማ ገዛሁ። ስኳርና ቀለም ነው፣ ለልጆቹ ሰጠሁት። ነጩን ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አገኘሁ። ታንኩ ለአንድ ፊልም 300 ሚሊ ስለሚበቃው አሥር ክኒን ይሆናል። በሙቀጫ ወቀጥኩት።

ፊልሙን ከማቃጠሌ በፊት ሙከራ አለ። የፊልም መጀመሪያዋ ጅራት ካሜራ ውስጥ ሲገባ ብርሃን የነካት ስለሆነች ለምንም አትሆንም። እሷን ቆርጠህ በቀን ብርሃን ውህዱ ውስጥ ትከታለህ። ከጠቆረች ዴቨሎፐሩ ይሠራል።

ከተትኩ። ሃያ ደቂቃ። አልጠቆረችም።

ታኅሣሥ 3

ጥፋቱ የእኔ ነው። የገዛሁት ቤኪንግ ሶዳ ነው፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት። የሚያስፈልገው ካርቦኔት ነው። ባይካርቦኔት ደካማ ቤዝ ስለሆነ ቡናውን አይቀሰቅሰውም። ደግነቱ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር ይቻላል፤ እሳት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሲሞቅ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ካርቦኔት ይቀራል።

ኦቨን የለንም። ምጣድ አለን።

500 ግራም ኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ በፎይል ዘርግቼ እያማሰልኩ አሞቅሁት። መጀመሪያ ዱቄቱ በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ጋዙ ከሥር ሲወጣ እንደ ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያ ሲያቆም ነው የደረሰው። በአንድ ሰዓት ተኩል ጸጥ አለ። መዘንኩት፣ 318 ግራም። በስሌት 315 መሆን ነበረበት። ሦስት ግራሟን ተውኳት።

«አንተ ልጅ፣ ምጣዴ ላይ ምንድነው የምትጋግረው?»

«ሶዳ ነው እማዬ፣ ለፎቶ።»

ፎይሉ አንድ ቦታ ተቀዶ ኖሮ ትንሽ አፍስሷል። ማግስቱን የመጀመሪያዋ እንጀራ ተጣበቀች። እማዬ በጎመን ዘር ስታስሰው እየሰማሁ ክፍሌ ተቀመጥኩ።

አዲሱ ሶዳ ላይ ጅራቷን ከተትኩ። በሁለት ደቂቃ ግራጫ፣ በአምስት ከሰል።

ታኅሣሥ 6

የቡና ሙከራ። አገሩ የቡና አገር ሆኖ ከውጭ የመጣ ፈጣን ቡና መግዛት አናደደኝ። ቫይታሚን ሲውን አስቀርቼ ሶዳና ቡና ብቻ በሦስት ብርጭቆ አዘጋጀሁ። አንዱ ርካሹ ፈጣን ቡና፣ ሁለተኛው እማዬ ጠቆር አድርጋ የቆላችው የይርጋጨፌ ቡና በወፍራሙ ተፈልቶ፣ ሦስተኛው ጥሬ ቡና ተወቅጦና ተፈልቶ።

ፈጣኑ አሸነፈ። የእማዬ ቡና ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ውሃ ያለው ቡኒ ግራጫ ነው የሰጠኝ። ጥሬው መሐል ላይ ነው፣ ወደ ፈጣኑ የቀረበ። ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ፊልም የሚያጥቡት አሲዶች ቡናው ሲቆላ ይቀንሳሉ፤ ቡናው በጠቆረና በጣመ ቁጥር ይደክማሉ። ከአረቢካ ይልቅ ደግሞ ሮቡስታ ውስጥ ይበዛሉ፤ ርካሹ ፈጣን ቡና በአብዛኛው ሮቡስታ ነው። ለምላስ የሚጥመው ለፊልም አይሆንም ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ የእኔን ለምን ደፋኸው?» አለችኝ። ልክ ናት።

ታኅሣሥ 10

አጠብኩ።

ሪል መሙላቱ በፍጹም ጨለማ ነው የሚሆነው። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ የበሩን ሥር በጋቢ ደፈንኩ። በመስኮቱ የመንገድ መብራት ይገባል፤ ካርቶን እየለጠፍኩ ሳለ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ፊልሙ ሪሉ ላይ ሁለቴ ተቀረቀረ። የሽማግሌውን ጣቶች እያሰብኩ ሦስተኛው ላይ ገባ።

አቀላቀሉ ቅደም ተከተል አለው። ሶዳው መጀመሪያ ይሟሟል። ከዚያ ቫይታሚን ሲው፤ ይፈላል፣ እስኪተኛ መጠበቅ ነው። ቡናው መጨረሻ። ሽታው የቡና አይደለም። እርጥብ ውሻ የተኛበት ሣር ይመስላል። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ በታኅሣሥ 17 ዲግሪ ነበር፤ ትንሽ ሙቅ ጨምሬ 20 አደረስኩት። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አየር ነው ያለን።

ፊክሰሩን (ከዴቨሎፐሩ በኋላ ሥዕሉን የሚያጸናውን ፈሳሽ) የሰጠኝ የራጅ ባለሙያ ጓደኛዬ ነው። የሚሠራበት ክሊኒክ ዲጂታል ካስገባ ቆይቷል፤ የድሮው ራጅ ፊልም ማጠቢያ መጋዘን ውስጥ ቀርቷል። ራጅ ክፍሉም እንደ እኔ ሁለቱን አይቷል፣ እሱ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም።

አንደኛውን ጠርሙስ ተጠቀምኩ። ታንኩን ስከፍት ፊልሙ ወተት የለበሰ መስሎ ወጣ። ልቤ ቀጥ አለ። ጠርሙሱን አየሁ፤ ሥሩ ነጭ ዝቃጭ፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል። ሞቷል። ቀድሜ ጅራት ከትቼ ማየት ነበረብኝ። ሁለተኛው ጠርሙስ ንጹሕ ነበር። ፊልሙን መለስኩት፤ በሦስት ደቂቃ ወተቱ ለቀቀ፣ ሥዕሉ ወጣ። ያጠፋውን የሚምር ሥራ ነው፣ ቶሎ ከያዝከው።

ለእጥበት ውሃ የምናባክንበት ቤት አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። የኢልፎርድ ዘዴ ረዳኝ፦ ታንኩን ሞልተህ አምስቴ ትገለብጣለህ፣ ትደፋለህ፤ እንደገና ሞልተህ አሥር ጊዜ፤ እንደገና ሃያ። አንድ ሊትር አልሞላም።

ታኅሣሥ 11

ደርቋል። ሁሉም ፍሬም ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ሰባት ጥቁር ነጥብ። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ማለት ፎቶው ላይ ነጭ ነው። የልጆቹ ፊት ላይ በረዶ የዘነበ ይመስላል።

የሹተሩ መጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ጎማ የተቀባ። አርጅቶ ተበስቷል። ሌንሱን ነቅዬ፣ ጀርባውን ከፍቼ፣ ጨለማ ውስጥ ባትሪ አበራሁበት፤ ሰባት ኮከብ። ይህን ኅዳር 9 ማድረግ ነበረብኝ። የ1,400 ብር ፊልም ለአንድ የባትሪ ሙከራ ከፈልኩ።

ጥቁር የጨርቅ ቀለም 200 ብር ገዛሁ። ሹተሩን ሳልስበው አንዱን መጋረጃ፣ ስቤ ሌላውን በስንጥር ጫፍ ነካ ነካ አደረግኩ። የመጀመሪያው ቅብ ወፈረ፣ መጋረጃው መጎተት ጀመረ። ፋቅሁት። ሁለተኛውን በውሃ አቅጥኜ ሁለት ጊዜ በስሱ ቀባሁና አሳደርኩት። ኮከቦቹ ጠፉ።

ታኅሣሥ 21

ሁለተኛው ፊልም። ነጥብ የለም። ግን ከ14ኛው እስከ 22ኛው ፍሬም ኔጋቲቩ ከሰል ነው። ማስታወሻ ደብተሬ «ኤፍ/8» ይላል። ቀለበቱን ግን አልዘጋሁትም፤ ዘጠኙም በኤፍ/2 ተነሥተዋል። አራት ስቶፕ ትርፍ ብርሃን፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ስለሚያደርግ 16 እጥፍ ማለት ነው። ኅዳር 9 ላይ «ቀላል ነው» ብዬ ጽፌያለሁ።

ልጥላቸው ስል ወደ መብራት አስጠጋኋቸው። ውስጡ ነገር አለ። እና ጥፋቱ ወደ ሙከራ ተቀየረ።

ታኅሣሥ 23

እማዬ መስኮቱ ሥር ቡና ታፈላለች። ያው ሄሊዮስ፣ ያው ወንበር። ዜኒቱንም ካኖኑንም ሆን ብዬ አራት ስቶፕ አስበልጬ አነሳሁ፤ ከዚያ ሦስት ስቶፕ አሳንሼ።

ሲበዛ፦ ካኖኑ ላይ መስኮቱ፣ ግድግዳውና የእማዬ ነጠላ አንድ ነጭ ወረቀት ሆኑ። በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይነካካ ባስቀመጠው) ጎተትኩት፣ የሚጎተት ነገር የለም። ፊልሙ ላይ ግን የመጋረጃው ዳንቴል አበባው ሳይቀር አለ። ሸካራ ነው፣ ግን አለ።

ሲያንስ ተገለበጠ። ካኖኑ ፋይል ላይ ጥቁር የነበረውን ሳነሳው ጀበናው ወጣ፣ አፉ ላይ ያለው ስንጥቅ እንኳ። ፊልሙ ላይ ጀበናው ያለበት ቦታ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ያልነካውን ፊልም ቡናም ሆነ ጸሎት አያወጣውም።

ነፍስ የሚሉት ይሄን ይመስለኛል፤ ነጩ ላይ ለስለስ ማለቱን። የተቀረው ሁሉ የካኖኑ ነው። በጓዳው ብርሃን ዜኒቱ 1/30 እና ኤፍ/2 ላይ ተጣብቆ ሲቀር፣ ካኖኑ አይኤስኦ 3200 ላይ እየተዝናና ያነሳል።

ጥር 2

ስካን። ስካነር የለኝም፤ ስካነሩ ራሱ ካኖኑ ነው። ታብሌት ነጭ ስክሪን፣ ከላዩ ከጫማ ካርቶን የተቆረጠ መያዣ፣ ካኖኑ ከላይ ሌንሱ በቅርብ እንዲያነሳ በሚያደርግ የ600 ብር ኤክስቴንሽን ቲዩብ። መጀመሪያ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ አስተኛሁትና የስክሪኑ ፒክስሎች አብረው ወጡ። ሦስት ጣት ከፍ ሳደርገው ጠፉ።

ለሙከራ ከማኅደሩ ኪስ ያገኘኋቸውን የጋሼ ስድስት ፍሬም ተጠቀምኩ። በረዶ፣ የትምህርት ቤት በር፣ ጋቢ ለብሶ በረዶ ውስጥ የሚስቅ ወጣት። ጋቢ ለባሹ ራሳቸው ናቸው። መስኮት ላይ ይዘህ ታያቸዋለህ፣ ሌላ ነገር አይፈልጉም። እኔ ከ2009 እስከ 2011 ያነሳሁት በሙሉ ያለው መሳቢያ ውስጥ በተኛ፣ ሲሰኩት ቀጭ ቀጭ በሚል ሀርድ ዲስክ ነው።

ጥር 11

ከተራና ጥምቀት፣ ጃን ሜዳ። ሦስተኛውና አራተኛው ፊልም።

ላይት ሜትር የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ከፊት ለፊቱ ነጭ ነጠላ ብቻ ከሞላ ብርሃኑ «በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ የሰው ፊት ይጠቁራል። ይህን በሥራዬ አውቀዋለሁ፣ ሂስቶግራም (ካሜራው የሚያሳየውን የብርሃን ሰንጠረዥ) አይቼ ወዲያው አስተካክላለሁ። ትናንት ግን የካኖኑን ቁጥር እንዳለ ወደ ዜኒቱ ገለበጥኩ። ዛሬ ጠዋት ነው የባነንኩት። ከዚያ በኋላ የእጄን ጀርባ እየለካሁ አነሳሁ።

ሌላው ችግር ፀሐዩ ነው። ለ400 ፊልም በቀትር 1/500 እና ኤፍ/16 ነው የሚወጣው፣ ዜኒቱ ከዚያ በላይ አያውቅም። ቀዳዳው ስለሚጠብ ከኋላ ያለው ሕዝብ፣ ድንኳን፣ ሽቦ ሁሉ ጥርት ብሎ ይገባል። ካኖኑ እስከ 1/4000 ስለሚሄድ አፐርቸር ከፍቶ ሽቦውን ያደበዝዘዋል።

ጥር 17

አራቱም ታጥበዋል። የከተራው ፊቶች ስስ ናቸው፣ እንደፈራሁት። የጥምቀቱ ጥሩ ናቸው። አንድ ዲያቆን ጥላ ይዞ ዞር ሲል የተነሣው አለ፤ የጥላው ጥልፍና ፊቱ አብረው የወጡበት። ካኖኑ ላይም ያው ዲያቆን አለኝ። ጥልፉ ተቃጥሏል። ግን ካኖኑ ላይ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ምክንያቱም 11 ጊዜ አንስቼዋለሁ።

ሒሳብ። ፊልም 7,000፣ ታንክ 1,500፣ አዳፕተር 1,200፣ ቲዩብ 600፣ ቴርሞሜትር 400፣ ቀለም 200፣ ሶዳና ክኒንና ቡና 750። ድምር 11,650 ብር። ዕቃውን ትተን ፊልምና ማጠቢያውን ብቻ ብናስብ አንድ ፍሬም 43 ብር ገደማ ነው። ጃን ሜዳ ላይ በካኖኑ 640 ፎቶ አንስቻለሁ። በፊልም ቢሆን 27,520 ብር። ይህን ዋጋ የሚከፍለኝ ሙሽራ ካለ ይደውል።

ያገለገለውን ፊክሰር አልደፋሁትም፣ ከፊልሙ የሟሟ የብር ማዕድን ስላለበት። ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጬ «አይጠጣ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

አምስተኛው ፊልም ዜኒቱ ውስጥ ነው፣ 6ኛው ፍሬም ላይ ነኝ። በጥሬ ቡና ላጥበው አስቤ ነበር። እማዬ ግን ጥሬ ቡናውን ከነጣሳው ደብቃብኛለች፤ የት እንደሆነ እህቴ ታውቃለች፣ አልነገረችኝም።